በካፒላሪ ኮለም ውስጥ የታተመ ፖሊመር ሲሠራ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ሞለኪውል የታተመበት ፖሊመር የሚሠራው አንድን ሞለኪውል አብነት አድርጎ በዙሪያው ፖሊመሩ እንዲጠነክር ካደረጉ በኋላ አብነቱን አጥቦ በማውጣት ነው፤ የሚቀረው ባዶ ቦታ ያንኑ ሞለኪውል ከሌሎች ለይቶ ይይዛል። ካፒላሪ ኮለም በሚባለው፣ ፈሳሽ እያለፈበት ንጥረ ነገሮች በሚለያዩበት፣ የውስጥ ስፋቱ 100 ማይክሮሜትር ብቻ በሆነ የሲሊካ (የመስታወት ዓይነት) ቱቦ ውስጥ ግን ትንሿ ጥፋት እንኳ የብዙ ቀን ድካም ታበላሻለች።

የመጀመሪያው ስህተት ግድግዳውን ሳያዘጋጁ ቱቦውን መሙላት ነው። ፖሊመር ሲጠነክር ይኮማተራል፤ የሚይዘው ነገር ካላገኘ ከግድግዳው ይላቀቃል። ቱቦውን ቆርጦ በማይክሮስኮፕ ለተመለከተ ሰው በፖሊመሩ ዙሪያ ጨረቃ የመሰለ ክፍተት ይታየዋል፤ ፈሳሹም ፖሊመሩን ሳይነካ በዚያ ያልፋል። ስለዚህ ቱቦው አስቀድሞ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይታጠብ፣ ከዚያም ሜታክሪሌት ባለው ሲላን (በአንድ በኩል ከሲሊካው፣ በሌላ በኩል ከፖሊመሩ ጋር በሚያያዝ ውህድ) ይታከም፤ ፖሊመሩ ከግድግዳው ጋር በኬሚካላዊ ትስስር የሚያያዘው ያኔ ነው።

ኦክስጅንን ፖሊመሩ ከሚሠራበት ድብልቅ ሳያስወጡ መጀመርም የሚያጠነክረውን ኬሚካላዊ ምላሽ ያዘገያል፤ ናይትሮጅን መንፋት በቂ ነው። በዩቪ (አልትራቫዮሌት) ብርሃን የሚሠራ ደግሞ የቱቦው የተለመደው ቡናማ የፖሊኢሚድ (የፕላስቲክ ዓይነት) ሽፋን ብርሃኑን እንደሚያግድ አይዘንጋ።

ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚሻው ምላሹ የሚቆምበት ጊዜ ነው። በስዊድን የሉንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1997 እ.ኤ.አ. ፕሮፕራኖሎል የተባለውን የልብ መድኃኒት ሁለት የመስታወት ምስል ቅርጾች በዚህ ዓይነት ኮለም ሲለዩ፣ ፖሊመሩ ሙሉ በሙሉ ሳይጠነክር ምላሹን አቋርጠው ያልተያያዘውን ቅሪት በግፊት አጥበው አውጥተው ነበር፤ ፈሳሽ የሚያሳልፉት ሰፋፊ ቀዳዳዎች የተገኙት በዚህ ነው። እስኪጠናቀቅ የሚጠብቅ ሰው በአብዛኛው የተደፈነ ቱቦ ያገኛል።

አብነት የሌለበት መቆጣጠሪያ ኮለም ሳይሠሩ «ኅትመቱ ተሳካ» ማለት በእኔ እምነት ትልቁ ጥፋት ነው፤ ምክንያቱም ማንኛውም ሜታክሪሊክ አሲድ ያለበት ፖሊመር፣ ባይታተምበትም እንኳ፣ ቤዝ (የአሲድ ተቃራኒ) የሆነን መድኃኒት ይይዛል። ኅትመቱን የሚያረጋግጠው በሁለቱ ኮለሞች መካከል ያለው ልዩነት ነው።

አብነቱን በሚገባ አለማጠብም እንዲሁ ያሳስታል። በሜታኖልና በአሴቲክ አሲድ ድብልቅ ታጥቦ የሚወጣው ፈሳሽ በዩቪ መለኪያው ላይ ምንም ምልክት እስከማያሳይ ድረስ አጠባው ይቀጥል። ያም ሆኖ በፖሊመሩ ውስጥ የተቀበረ ጥቂት አብነት ቀስ እያለ መውጣቱ አይቀርም፤ ስለዚህ እጅግ አነስተኛ መጠን ለሚለካ ሰው የሚሻለው በቅርጹ ከሚፈልገው ሞለኪውል ጋር የሚመሳሰል፣ በመለኪያው ላይ ግን ተለይቶ የሚታይ ሌላ ሞለኪውልን አብነት ማድረግ ነው።