ከጎጃም ተነስተሽ ሞዴል ወይም ተዋናይ ልትሆኚ ነው? እኔ የሠራኋቸውን ስህተቶች ተያቸው

ሰሞኑን ከማርቆስ፣ ከሞጣ፣ ከፍኖተ ሰላም የሚደውሉልኝ ልጆች በዝተዋል። ጥያቄያቸው አንድ ነው። «እትዬ፣ ሙያው ውስጥ እንዴት ነው የሚገባው?» እንዴት እንደሚገባ እኔም ገና እየገባኝ ነው። እንዴት እንደሚሳሳቱ ግን ጥርት አድርጌ አውቃለሁ፤ አብዛኛውን ራሴ ሞክሬዋለሁና።

ከቁመት እንጀምር። እኔ አንድ ሜትር ከ68 ነኝ። ለፋሽን ትርኢት ሞዴል ሲመርጡ ፎርሙ ላይ ግን 1.75 ብዬ ሞላሁ፤ ተረከዙ ረጅም ጫማ አድርጌ ሄድሁ። ግድግዳው ላይ ሜትር ተለጥፏል። ልጅቷ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ጫማ አውልቂ» አለችኝ። አለቀ። ነገሩ ቂም አይደለም። ለፋሽን ትርኢት የሚሰፋው ልብስ በአንድ ልክ ተሰፍቶ ነው የሚመጣው። ለዚህ ነው ውጭ ባለው ገበያ ሴት ሞዴል ብዙ ጊዜ ከ1.75 በላይ እንድትሆን የሚጠይቁት። ማስታወቂያ፣ ካታሎግና ፊልም ግን ቁመት ብዙም አያስጨንቃቸውም። እኔ ያንን ባውቅ ኖሮ ያን ቀን ማስታወቂያ የሚሠሩት ጋ እሰለፍ ነበር። ዋሽቼ ሁለቱንም አጣሁ።

ፎቶም እንደዚያው ነው። በስልክ ፊልተር አገጭሽን አሹለሽ፣ ዓይንሽን አስፍተሽ ትልኪያለሽ፤ ከዚያ በአካል ስትሄጂ ሌላ ሰው ትሆኚባቸዋለሽ። የሚፈልጉት ቀላል ነገር ነው። መስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን፣ ፀጉር ወደኋላ ታስሮ፣ ያለ ሜካፕ፣ በጠባብ ቲሸርትና በጂንስ የተነሣ። ከፊት፣ ከጎን፣ ከራስ እስከ እግር። ውጭ ያሉት ፖላሮይድ ይሉታል። ታናሽ ወንድምሽ በስልክ ቢያነሣሽ ይበቃል፤ ስቱዲዮ ገብተሽ ሰው ሠራሽ አበባ ታቅፈሽ የተነሣሽው አይሆንም። (እኔ ታቅፌ ተነሥቻለሁ። ሁለት ጊዜ።)

ቆዳ የሚያነጣ ክሬም ደግሞ ጭራሽ አትንኪ። አንዳንዱ ውስጡ ሜርኩሪ አለው፤ በዚያ ላይ የደጋ ፀሐይ ሲጨመርበት ምን እንደሚያደርግሽ ራሴ አብራኝ ተከራይታ በኖረች ልጅ ፊት ላይ አይቻለሁ። ጉንጯ ላይ የወጣውን ጥቁር ምልክት ሜካፕ ሳይቀር አልሸፍነውም አለ። በዓለም የታወቀችው የእኛዋ ሞዴል ሊያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2003 ኤስቴ ላውደር ለተባለው የመዋቢያ ድርጅት ስትፈርም፣ ምርቱን በፊቷ ያስተዋወቀች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ነበረች። ቆዳዋን አንጥታ መሰለሽ?

ሊያን ካነሣሁ አይቀር፣ ታሪኳን በጆሮ ብቻ ሰምቶ እሷን ለመሆን መነሣትም አንድ ስህተት ነው። ብዙዎቹ ልጆች የሚያውቁት መጨረሻውን ነው። አንድ ሰው መንገድ ላይ አያት፣ ወሰዳት፣ ታወቀች ይላሉ። እሷ ግን መጀመሪያ አዲስ አበባ ሊሴ ገብረ ማርያም ትምህርት ቤት ተማረች። ትምህርቷን ጨርሳ ነው ወደ ፈረንሳይ የሄደችው። በሰፊው የታየችው እ.ኤ.አ. በ2000 የልብስ ንድፍ ባለሙያው ቶም ፎርድ ጉቺ ለተባለው የፋሽን ድርጅት ትርኢት ሲመርጣት ነው። በ2002 የፈረንሳዩ ቮግ የተባለው የፋሽን መጽሔት አንድ ሙሉ እትም ለእሷ ሰጠ። ከዚያ በኋላም ዝም ብላ አልተቀመጠችም። ፊልም ሠራች። በ2005 የዓለም ጤና ድርጅት የእናቶችና የሕፃናት ጤና የበጎ ፈቃድ አምባሳደር ሆነች፤ በ2007 የእኛን ሸማኔዎች ሥራ የሚሸጠውን ለምለም የተባለውን የልብስ ድርጅት አቋቋመች። ከአሥረኛ ክፍል አቋርጬ ልምጣ የምትዪኝ እህቴ፣ የቱ ጋ ነው አቋረጠች የሚለው?

አሁን ወደ ገንዘብ። «መመዝገቢያ ይህን ያህል ሺህ ብር» የሚልሽ ኤጀንት ካለ ሻይሽን ጨርሰሽ ተነሺ። ኤጀንት የሚበላው አንቺ ሠርተሽ ከሚከፈልሽ ላይ በመቶኛ ቆርጦ ነው። ከኪስሽ ቀድሞ የሚቀበል ሰው ሥራው አንቺን መሸጥ ሳይሆን ለአንቺ መሸጥ ነው። ዱባይ ሞዴልነት አለ፣ ቤሩት ማስታወቂያ አለ ካሉሽ ደግሞ ውሉን በጽሑፍ ጠይቂ፤ ቪዛው የምን ቪዛ እንደሆነ ጠይቂ፤ ፓስፖርትሽን ለማንም አታስይዢ። ኦዲሽን ማታ ሁለት ሰዓት ሆቴል ክፍል ውስጥ አይደረግም። ቀን ቢሆንም ሰው ይዘሽ ሂጂ። እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም።

ውል ሳያነቡ መፈረም፣ ይሄ የእኔ ትልቁ ነው። ከሌላ ስህተት ጋር ተጣብቆ ስለመጣብኝ አብሬ ልንገርሽ። ቤተሰቤን ዋሽቼ ነበር። አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ሒሳብ እሠራለሁ ብያቸው ነው የወጣሁት፤ «አዝማሪ ልትሆኚ?» እንዳልባል ፈርቼ። አንድ ቀን ለአንድ ድርጅት ካላንደር ነው ተብዬ ግማሽ ቀን ፎቶ ተነሣሁ። ሦስት ሺህ ብር ሰጡኝ። ወረቀቱ ሁለት ገጽ ነበር፤ የመጀመሪያውን ግማሽ አነበብሁና ፈረምሁ። ከስምንት ወር በኋላ እናቴ ደወለች። ድምፅዋ ቀዝቀዝ ብሏል።

«ዛሬ ገበያ ወርጄ ነበር።»

«እሺ እምዬ፣ ደህና ዋልሽ?»

«ዘይት ሆነሽ አገኘሁሽ።»

የዘይት ካርቶን ላይ ነኝ። ካርቶኑ ከሱቁ በራፍ ላይ በቁልል ተደርድሯል፤ ሃያ እኔ፣ ሃያ ጊዜ ጥርሴን ፈልቅቄ። ሁለተኛውን ገጽ ያነበብሁት ያን ቀን ማታ ነው። ፎቶውን በፈለጉት ምርት ላይ፣ ላልተወሰነ ጊዜ ይጠቀሙበታል ይላል። የእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይና እንዳይሸጥ ይከለክላል። እኔ ግን ፈቃዴን በገዛ እጄ ሰጥቻለሁ። ስለዚህ ከመፈረምሽ በፊት ሦስት ነገር ፈልጊ። ለምን ምርት ነው? የት የት ይታያል፣ ቴሌቪዥን ነው፣ ቢልቦርድ ነው፣ ማኅበራዊ ሚዲያ ነው? ለስንት ጊዜ? ሌላ ተፎካካሪ ድርጅት ጋ እንዳትሠሪ የሚከለክል መስመር ካለም ለብቻው አስከፍዪ። ኮፒውን ሳትይዢ ደግሞ ከቢሮው እንዳትወጪ።

ለቤተሰብ መዋሸቱን እናቴ እስካሁን ታነሣዋለች። እዚያው ጎጃም ደብረ ኤልያስ የተወለደው ዮፍታሔ ንጉሤ ቅኔ ተምሮ ቴአትር የጻፈ ሰው ነው፤ በዚያ ዘመን መድረክ ላይ የሴቷን ቦታ ወንድ ልጅ ነበር የሚጫወተው። ለአባቴ ይህን ብነግረው ምናልባት ይሰማኝ ነበር። አልሞከርሁም።

ሌላው፣ ሁሉም ነገር አዲስ አበባ ብቻ ነው ብሎ ማሰብ። ከማርቆስ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ነው፤ ደጀን ላይ ቁልቁል ወርደሽ፣ ዓባይን ተሻግረሽ፣ ጎሐ ጽዮን ስትወጪ ገንዘብሽ ግማሹ የለም። ማረፊያ ሳይኖር አይኬድም። ባሕር ዳር ሙሉዓለም የባህል ማዕከል አለ። መድረክ ላይ ሰው ፊት ቆመሽ መጀመሪያ እዚያ ተንቀጥቀጪ።

መድረክ ለምደሽ ካሜራ ፊት ስትቆሚ ግን ሌላ ስህተት ይጠብቅሻል፤ ጩኸት። እኔን አንድ የካሜራ ባለሙያ «እህቴ፣ ማይኩ አንገትሽ ሥር ነው፤ ምን ያስጮህሻል?» ብሎኛል። ቀረብ ብሎ ሲቀርፅ ቅንድብሽ ራሱ ትልቅ እንቅስቃሴ ነው። ደግሞ አንዱን ነገር ስምንት ጊዜ ያስደግሙሻል፤ ስኒውን መጀመሪያ በቀኝ እጅሽ ከያዝሽ ስምንቱንም ጊዜ በቀኝሽ ነው። እኔ በአራተኛው በግራዬ ያዝሁና ሁሉም ሰው ምሳ እስኪቀዘቅዝበት እንደገና ተሠራ። ማንም አልሰደበኝም። ዝም ማለታቸው ነው የባሰው።

የመጨረሻው አነጋገር ነው። የመጀመሪያ ኦዲሽኔ ላይ የተሰጠኝን ሳነብ «ሄድሁ፣ ፈለግሁ» አልሁ። ከጠረጴዛው ኋላ ያሉት ተያይተው ሳቁ። «ጎጃሜ ነሽ እንዴ?» አፈርሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ «ሄድኩ፣ ፈለግኩ» ስል አፌን ገራሁት። ከዚያ አንድ ፊልም የጎጃም ገበሬ ሚስት የምትሆን ሴት ይፈልጋል ተባለ። የኔ ነው ብዬ ሄድሁ። ሁለት መስመር እንዳነበብሁ ዳይሬክተሩ አስቆመኝ። «አንቺ የጎጃም ሰው የምታስመስል የአዲስ አበባ ልጅ ነሽ» አለኝ። ቦታውን አንዲት የቢቸና ልጅ ወሰደችው።

ተናድጄ ደግሞ ማጋነን ጀመርሁ፤ ኮሜዲዎቹ ላይ እንደሚደረገው፣ ቃሉን እየጎተትሁ፣ ለሳቅ። እናቴ ግን እንደዚያ አታወራም። እናቴ ከባድ ነገር ስትናገር ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፤ ሰምና ወርቁን የምትለይው ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው። ስለዚህ ማታ ማታ እየደወልሁ አዳምጣት ጀመር። ቡና ስታፈላ ስልኩን ረከቦቱ አጠገብ ታስቀምጠዋለች፤ ከጎረቤት ጋር ስለ ጤፍ ዋጋ ስትከራከር እኔ አዲስ አበባ ሆኜ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ።

አምና ሁለት ትዕይንት ያላት የገበሬ ሚስት ሆኜ ተቀረፅሁ። ደውዬ ነገርኋት።

«አሁንም ዘይት ነው?»

«አይ እምዬ፣ አሁን ገበሬ ነኝ።»

«እሱ ይሻላል» አለች።