ጎንደር ላይ የሚከራይ ቤት ስታዩ ምን ትፈትሻላችሁ? ምንስ ትጠይቃላችሁ?

ጎንደር ኮረብታና ቁልቁለት የበዛባት ከተማ ናት። ስለዚህ እዚህ ቤት ሲመረጥ ከክፍሉ ስፋትና ከቀለሙ በፊት መታየት ያለበት የተሠራበት ቦታ ነው። ከፍ ብሎ የተሠራ ቤት የቧንቧ ውሃ በቀላሉ አይደርሰውም፤ ዝቅ ብሎ የተሠራው ደግሞ ክረምት ሲገባ የላይኛው ሰፈር ጎርፍ ይወርድበታል። አብዛኛው ሰው ቤት የሚያየው በበጋ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አከራይዋ ግቢውን ጠራርገው ከጨረሱ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ሁሉም ቤት ያምራል።

ከመሄዳችሁ በፊት በስልክ

ደላላው ሲደውል ለባጃጅ ከማውጣታችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁት። ቤቱ የትኛው ቀበሌ፣ ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን ወይም ትምህርት ቤት አጠገብ ነው? በግቢው ስንት ተከራይ አለ? አከራዩ እዚያው ይኖራሉ? ቧንቧው ቤት ውስጥ ነው ወይስ ግቢ? የመብራት ቆጣሪው የብቻ ነው ወይስ የጋራ? የስንት ወር ቅድሚያ ይከፈላል? የደላላውንስ ኮሚሽን የሚከፍለው ማን ነው? ኮሚሽኑ ስንት እንደሆነ ቤቱን ከማየታችሁ በፊት ተስማሙ፤ ውል ተፈርሞ ቁልፍ እጃችሁ እስኪገባም አትክፈሉ።

ትራንስፖርቱንም አስሉት። በሳምንት 6 ቀን የሚሠራ ሰው በወር ወደ 26 ቀን ይወጣል፤ ደርሶ መልስ 52 ጉዞ ማለት ነው። ሥራችሁ ሪፈራል ሆስፒታል ወይም ፒያሳ ሆኖ ቤቱ አዘዞ ወይም ጠዳ ከሆነ፣ የአንዱን ጉዞ ዋጋ በ52 አባዙና ኪራዩ ላይ ደምሩት። መንገድ ላይ አንድ ጊዜ የምትቀይሩ፣ ማለትም ለአንዱ ጉዞ ሁለቴ የምትከፍሉ ከሆነ ደግሞ በ104 ነው። «ርካሽ ነው» የተባለው ቤት ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይወደዳል። ባጃጅ ማታ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሠራም ጠይቁ፤ የማታ ተረኛ ለሆነ ነርስ ወይም የማታ ተማሪ ይህ ከክፍሉ ስፋት ይበልጣል።

ሁለት ጊዜ እዩት

አንዴ በቀን፣ አንዴ ደግሞ ከምሽቱ 1 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ። በቀን ግድግዳውን፣ ጣራውንና ፍሳሹን ታያላችሁ። ማታ መብራቱ ምን ያህል እንደሚደክም፣ ከአስፋልቱ እስከ በሩ መንገዱ እንዴት እንደሚያስኬድ፣ ግቢው ውስጥ ምን ያህል ሰው እንደሚገባና እንደሚወጣ ይታያል። መኪና ወይም ባጃጅ በር ድረስ ይገባ እንደሆነ ልብ በሉ፤ በኮብልስቶን ዳገት ላይ የታመመ ሰው ወይም ሙሉ ጄሪካን ተሸክሞ 200 ሜትር መውጣት ከባድ ነው።

ውሃ

ጎንደር ላይ ቤት ለማየት ስትገቡ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ ይህ ይሁን። ከተማዋ ከአንገረብ ግድብና ከጉድጓዶች የምታገኘው ውሃ ለነዋሪው ስለማይበቃ በፈረቃ ይታደላል። ግድቡ በደለል መሞላቱ፣ የሕዝቡም መብዛት ችግሩን አክፍቶታል። በፈረቃው ቀን እንኳ ግፊቱ ዳገት ላይ ያሉትን ቤቶች ዘግይቶ ይደርሳቸዋል፤ አንዳንዴም ሳይደርሳቸው ፈረቃው ያልፋል።

አከራይዋን «ውሃ አለ ወይ?» ብላችሁ ብትጠይቁ «አለ» ይላሉ፤ አልዋሹም፣ አንዳንድ ቀን አለ። «እትዬ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የመጣው መቼ ነው? ስንት ሰዓት ቆየ? በሌሊት ነው ወይስ በቀን?» ብላችሁ ጠይቁ። ውሃው ሌሊት 8 ሰዓት መጥቶ ንጋት ላይ የሚሄድ ከሆነ፣ ተነስቶ የሚቀዳው ማን ነው? ይህንኑ ጥያቄ በግቢው ለሚኖር ሌላ ተከራይ፣ ቀጥሎም በር ላይ ላለ ሱቅ ድገሙት። ሦስቱ መልስ ከተለያየ የተከራዩን እመኑ።

ከዚያ ሮቶውን እዩ። ስንት ሊትር ነው? ለስንት ቤተሰብ? ሒሳቡ ቀላል ነው። ውሃ ቆጥቦ የሚጠቀም ሰው ለመጠጥ፣ ለምግብ፣ ለመታጠቢያና ለልብስ በቀን ቢያንስ 30 ሊትር ይፈልጋል። 4 ሰው ያለበት ቤት 120 ሊትር ይፈጃል፤ 1,000 ሊትር ሮቶ ለብቻው 8 ቀን ያቆየዋል። ያው ሮቶ ለ5 ተመሳሳይ ቤተሰብ ከሆነ ግን ሁለት ቀን አይሞላም። ፈረቃው በሳምንት አንዴ ከሆነ ቀሪዎቹን ቀናት የምትኖሩት በጄሪካን ነው። ስለዚህ ክፍሉን ስታዩ 200 ሊትር በርሜል የሚቆምበት ጥግ መኖሩንም እዩ፤ ወለሉ ጠንካራ ይሁን፣ ሙሉ በርሜል ከ200 ኪሎ በላይ ይመዝናል።

ቧንቧውን ክፈቱና 20 ሊትር ጄሪካን ሙሉ። በ2 ደቂቃ ከሞላ ደህና ነው። 5 ደቂቃና ከዚያ በላይ ከወሰደ ግፊቱ ደካማ ነው ወይም ቱቦው በዝቃጭ ተዘግቷል። ሮቶው ጣራ ላይ ከሆነ ከሻወሩ ራስ ምን ያህል ከፍ እንደሚል ተመልከቱ። 1 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት 0.1 ባር ብቻ ነው፤ ሮቶው ከሻወሩ በ1 ሜትር ብቻ ከበለጠ የሚወርደው ጠብታ ነው፣ የሻወር ማሞቂያውም ላይነሳ ይችላል። የሮቶው ክዳን መኖሩን፣ የመጨረሻ የታጠበው መቼ እንደሆነም ጠይቁ። ክዳን የሌለው ሮቶ አልጌ ያወጣል።

መብራት

የጋራ ቆጣሪ የብዙ ግቢዎች ጠብ ምንጭ ነው። ምክንያቱም የመኖሪያ ቤት የመብራት ታሪፍ በእርከን ነው። የመጀመሪያው እርከን እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ድረስ ያለው ነው፤ ፍጆታው ከፍ ሲል የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም አብሮ ይጨምራል። አምስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ድምሩ ላይኛው እርከን ላይ ይወጣል፤ አንድ አምፖልና ስልክ ቻርጀር ብቻ ያለው ተከራይም በውድ ሒሳብ ይከፍላል። ስለዚህ በሰው ቁጥር፣ በዕቃ ወይስ እኩል ነው የሚካፈለው ብላችሁ ጠይቁ። ከሁሉ የሚሻለው ለክፍሉ የራሱ መለኪያ ማስገባት ነው፤ አከራዩ ከፈቀዱ መለኪያውን ኤሌክትሪሺያን ያስገባዋል። ቆጣሪው የብቻ ከሆነ ደግሞ የመጨረሻውን የተከፈለ ደረሰኝ እዩ። የቀድሞ ተከራይ ትቶት የሄደው ዕዳ ያለው በቆጣሪው ላይ ነው፤ መብራት ሲቆረጥ ጨለማ የሚቀመጠው አዲሱ ተከራይ ነው።

እንጀራ የምትጋግሩ ከሆነ «ምጣድ ይቻላል?» ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ብዙ አከራይ አይፈቅድም። ከፈቀዱም ሽቦው ይችል እንደሆነ ፈትሹ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይስባል፤ በ220 ቮልት ከ16 እስከ 18 አምፔር ማለት ነው። 10 አምፔር ብሬከር ብዙም ሳይቆይ ይወድቃል፣ 16 አምፔሩም ጫፍ ላይ ነው። ለምጣድ የሚሆነው 4 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ከራሱ 20 ወይም 25 አምፔር ብሬከር ጋር ነው። ሶኬቱ ጠቁሮ ወይም ቀልጦ ካያችሁ ከዚህ በፊት ከአቅሙ በላይ ተጭኖበታል። ሽቦው ሳይቀየር ብሬከሩን ብቻ ማሳደግ ቤት ያቃጥላል፤ «ብሬከሩን አሳድገንላችኋል» ሲሉ ሽቦውንም ጠይቁ።

ሻወር ቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ካለ የኧርዝ መስመር (የሚያፈተልክ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርደው ሽቦ) መኖሩን ሳታረጋግጡ አትታጠቡበት። ቧንቧውን ስትነኩ ትንሽ እንኳ ከነዘራችሁ ማሞቂያውን አጥፉ፣ ኤሌክትሪሺያን ይጠራ። ይህ የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው፣ ይሉኝታ አይያዛችሁ።

በምሽቱ ጉብኝት አምፖሉን አብርታችሁ ጎረቤት ምጣድ ሲጥድ ብርሃኑ ይደክም እንደሆነ እዩ። ኃይሉ ከ180 ቮልት በታች የሚወርድ ከሆነ የፍሪጅ ሞተር ሊቃጠል ይችላል፤ ስታቢላይዘር ለመግዛት አስቡ።

እርጥበት፣ ጣራና ስንጥቅ

ጎንደር ላይ ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም ይበረታል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ ፋታ አይሰጥም። በጥርና በየካቲት ቤት የምታዩ ከሆነ ክረምቱን ከምልክቱ ማንበብ አለባችሁ።

ከወለሉ እስከ ጉልበት ያለውን የግድግዳ ክፍል እዩ። ቀለሙ የተላላጠ፣ ነጭ ጨው የመሰለ ዱቄት ያወጣ ወይም ያ ክፍል ብቻ በቅርቡ የተቀባ ከሆነ እርጥበቱ ከመሠረቱ ይወጣል። ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ካለ ከላዩ ቆርቆሮው ያፈሳል፤ ምስማሩ ላልቷል ወይም ዝጓል። ቁምሳጥኑን ከግድግዳው ፈቀቅ አድርጋችሁ ከኋላው አሽትቱ። የሻጋታ ሽታ ዕጣን ቢጨስበትም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።

ዳገት ተቆርጦ የተሠራ ቤት ከሆነ ከጀርባ ዞራችሁ እዩ። የኋላ ግድግዳው በቀጥታ አፈር ተደግፎ ከቆመ ያ ክፍል ከሰኔ ጀምሮ ይላባል፤ አልጋ የሚቀመጥበት ክፍል እሱ ከሆነ ለልጅና ለአስም በሽተኛ አይሆንም። በአፈሩና በግድግዳው መካከል ክፍት መተላለፊያና ውሃ መውረጃ ቦይ ካለ ግን ብዙ አያሰጋም። ቁልቁል ያለ ግቢ ከሆነ ደግሞ የአጥሩን ግንብ ግርጌ ተመልከቱ፤ ደረቅ የጭቃ መስመር ካለ ጎርፉ እስከዚያ ድረስ ደርሶ ያውቃል።

ዋልካ አፈር ባለበት ሜዳማ ሰፈር ስንጥቅ ላይ አተኩሩ። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ቤቱንም አብሮ ያንቀሳቅሰዋል። ፀጉር የሚያህል የልስን ስንጥቅ አያስጨንቅም። ከመስኮት ጥግ ተነስቶ ሰያፍ የሚወጣ፣ ሳንቲም የሚያስገባ ስንጥቅ ካለ ግን ሌላ ቤት ፈልጉ። በርና መስኮቱን ሁሉ ከፍታችሁ ዝጉ፤ የሚነክስ በር ብዙ ጊዜ መሠረቱ መንቀሳቀሱን ይናገራል።

ሽንት ቤትና ፍሳሽ

የጋራ ከሆነ ስንት ሰው እንደሚጠቀም፣ ማን እንደሚያጸዳ፣ ማታ መብራት እንዳለው ጠይቁ። ጉድጓዱ የተመጠጠው መቼ ነው? የመምጠጫውን ወጪ የሚከፍለው ማን ነው? ቤት ውስጥ ከሆነ የወለሉ ማስወረጃ ላይ 1 ሊትር ያህል ውሃ አፍስሱ። በዝግታ ከወረደ ቱቦው ተዘግቷል። ከማፍሰሳችሁ በፊት ሽታ ኖሮ ውሃው ሲገባ ከጠፋ ሲፎኑ (ውሃ ይዞ ሽታ የሚያግደው የቱቦ ጥምዝ) ደርቆ ነበር፣ ችግር የለውም፤ ሽታው ካልጠፋ ሲፎን የለውም ማለት ነው።

ከአከራዩ ጋር ስትነጋገሩ

የግቢው ሕግ በአንደበት ይኖራል፤ ካልጠየቃችሁ የምትሰሙት ስትጥሱት ነው። የውጭው በር የሚዘጋው ስንት ሰዓት ነው? ቁልፉ ይሰጠናል? ዘመድ ከገጠር መጥቶ ቢያድርስ? ለጥምቀት እንግዳ ቢመጣ? ከሰል ማቀጣጠል፣ ልብስ ማስጫ፣ ሞተር ማሳደሪያ አለ? ሁለት ተማሪዎች የተከራዩት ክፍል ሦስተኛ ቢጨመርበት ኪራይ ይጨምራል?

ቤቱ ፋሲለደስ መዋኛ አካባቢ ከሆነ ጥር 10 እና 11 መንገዱ በሕዝብ ስለሚሞላ ዕቃ ማጓጓዝ እንደማይታሰብ ልብ በሉ። ደጀ ሰላም አጠገብ መኖር ለብዙዎቻችን በረከት ነው፤ ሌሊት ሠርቶ ቀን የሚተኛ ሰው ግን የማሕሌቱንና የቅዳሴውን ድምፅ አስቀድሞ አስቦ ይግባ።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት

የሚያከራየው ሰው ባለቤት መሆኑን አረጋግጡ። የቤቱን ካርታና መታወቂያውን አስተያዩ፤ ባለቤቱ ውጭ አገር ወይም ሌላ ከተማ ካሉ የማከራየት ሥልጣን የሚሰጥ ሕጋዊ ውክልና ይቅረብ። የቀበሌ ቤት ከሆነ ተጠንቀቁ፤ በስሙ የያዘው ሰው ለሌላ ማከራየት ስለማይፈቀድለት ቀበሌው ሲደርስበት የምትወጡት እናንተ ናችሁ። «ሌላ ሰው ሊይዘው ነው፣ ቀብድ አስይዙ» የሚል ችኮላ ሲበዛ ወረቀቱን ሳታዩ አትክፈሉ።

በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ የውሉ ዘመን ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ኪራዩም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ይደነግጋል። ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ አዋጁ የሚሠራው ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ነው፤ ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ቤቱ ያለበት ክፍለ ከተማ ጽሕፈት ቤት ጎራ ብላችሁ አሠራሩን ጠይቁ። የ6 ወር ወይም የዓመት ቅድሚያ ስትጠየቁም ይህን አዋጅ በትሕትና አንሱ።

ውሉ ላይ የኪራዩ መጠንና የሚከፈልበት ቀን፣ የመብራትና የውሃ አከፋፈል፣ ጣራ ቢያፈስ ወይም ቧንቧ ቢፈነዳ የሚያሠራው ማን እንደሆነ፣ ለመልቀቅ የስንት ጊዜ ማስጠንቀቂያ እንደሚያስፈልግ ይጻፍ። «ክረምት ሳይገባ ቆርቆሮውን አስቀይርላችኋለሁ» የተባለም ካለ ከነቀኑ ይስፈር። ሁለት ምስክር፣ ሁለት ቅጂ፤ አንዱ እናንተ ጋ ይቀመጥ።

ቁልፍ የምትረከቡ ቀን

ዕቃ ከማስገባታችሁ በፊት እያንዳንዱን ክፍል፣ ስንጥቁን፣ የተሰበረውን መስታወት፣ ሶኬቱንና ወለሉን በስልካችሁ አንሱ፤ የመብራትና የውሃ ቆጣሪውን ንባብም እንዲሁ። ፎቶዎቹን ያንኑ ቀን ለአከራዩ በቴሌግራም ላኩላቸው፣ ቀኑ ተመዝግቦ ይቀራል። የበሩን ሲሊንደር በፈቃዳቸው ቀይሩ፤ የቀድሞዎቹ ተከራዮች ስንት ቅጂ እንዳስቀረጹ አይታወቅም። የድሮውን ሲሊንደር አትጣሉት፣ ስትለቁ መልሳችሁ ትገጥሙታላችሁ።