በአንድ እግር ስኳት፦ የት ይበላሻል? በምን ይስተካከላል?

በሁለት እግሩ 80 ኪሎ ተሸክሞ የሚወርድ ጎረምሳ፣ በአንድ እግር ውረድ ሲባል እንደ ሰካራም ይወዛወዛል። እኔም ሰው ላይ ስስቅ ነበር፣ ተራዬ እስኪደርስ። ያኔ "እግሬ ደካማ ነው" ብዬ ደመደምኩ። አልነበረም።

የማወራው አንዱን እግር ወደ ፊት ዘርግቶ፣ በሌላው እስከ ታች ወርዶ ስለመነሳት ነው። ጂም ውስጥ "ፒስቶል" የሚባለው።

ችግር፦ ተረከዝ ይነሳል፣ ወይም ወደ ኋላ ይጥላል

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የቁርጭምጭሚት ነው። በደንብ ካልታጠፈ ጉልበት ወደ ፊት መሄድ አይችልም፤ ሰውነት ወደ ኋላ ይቀራል። "ጉልበት ከእግር ጣት ማለፍ የለበትም" የሚለውን ምክር እዚህ እርሳው። ሳያልፍ እስከ ታች መውረድ ለብዙ ሰው አይሆንም።

ለማጣራት ጫማህን አውልቅና አውራ ጣትህን ከግድግዳ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቅ። ተረከዝህን ሳታነሳ ጉልበትህ ግድግዳውን ይነካል? ካልነካ ጥፋተኛው ተገኘ። ሁለቱንም እግር ሞክር፤ ኳስ ሜዳ ላይ ወለም ብሎት የሚያውቀው ሊለይ ይችላል።

መፍትሄው ፈተናውን ራሱን ልምምድ ማድረግ ነው፤ በየቀኑ በየእግሩ 15 ጊዜ። እስኪላላ ድረስ ተረከዝህ ስር የ2.5 ኪሎ ዲስክ ወይም ስስ ጣውላ አድርግ። ትንሽ ክብደት ደግሞ ከደረትህ ፊት ያዝ። የሚገርመው ነገር፣ 5 ኪሎ ከፊት ይዞ መውረድ ከባዶ እጅ ይቀላል። ወደ ኋላ የሚጥልህን ይመዝንልሃላ! ደምበል (በአንድ እጅ የሚያዝ አጭር ክብደት) በጎን ማንጠልጠል ይህን አይሰጥም፤ እሱ ለኋላ ይቆይ። ጂም የሌለህ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ውሃ ያዝ። ግን አፉ ድረስ ሙላው፤ ጎደሎ ከሆነ ውሃው ወዲያ ወዲህ እያለ ይዞህ ይወድቃል።

ችግር፦ ጉልበት ወደ ውስጥ ይገባል

ይሄኛው ችላ አይባልም፤ ደግሞ ለራስ አይታወቅም። ስልክህን ከፊት ለፊት አቁመህ ቅረጸው። አንዳንዴ የውስጥ እግርህ መሬት ላይ ተዘርጥጦ ነው፤ አንዳንዴ የዳሌ ጎን ጡንቻ ደክሞ። መጀመሪያ እግርህን እንደ ጉልቻ በሦስት ቦታ ትከል፦ አውራ ጣት ስር፣ ትንሿ ጣት ስር፣ ተረከዝ። ጉልበትህ የመሃል ጣቶችህን አቅጣጫ ይከተል። አሁንም ከገባ ክብደቱን አስቀምጥና ከወንበር በአንድ እግር መነሳትን ተለማመድ።

ችግር፦ ታች ሲደርሱ ዘጭ ማለት

የመጨረሻዋን ስንዝር አልተቆጣጠርካትም ማለት ነው። በ3 ሰከንድ ቀስ ብለህ ወንበር ላይ ተቀመጥ። ሳትዘጭ ስትችል ወደ ቡና በርጩማ ውረድ። ከዚያ በርጩማውን አውጣው።

ችግር፦ የተዘረጋው እግር ይወድቃል፣ ጭን ይኮማተራል

የማይነቃነቅ ደረጃ ወይም ሳጥን ላይ ቁምና እግሩን ወደ ታች ልቀቀው። የመዘርጋቱ አቅም ቀስ እያለ ይመጣል።

ችግር፦ ቀኙ 8፣ ግራው 3

ከደካማው ጀምር። ጠንካራውም 3 ብቻ ይስራ። ያናድዳል፣ ግን ልዩነቱ የሚጠበው እንዲህ ነው።

ክብደት መቼ ይጨመር? በእያንዳንዱ እግር 5 ንጹህ ሲወጣልህ፣ 2 ኪሎ ጨምር። እኔ ከ8 ኪሎ ኬትልቤል (እጀታ ያለው የብረት ኳስ) ወደ 16 ዘልዬ ሳምንት ሙሉ ደረጃ በጎን ወርጃለሁ።

ጭንና መቀመጫ ቢቃጠል ያለ ነው። ጉልበት ውስጥ ከወጋህ ግን አቁም። ካበጠ፣ ወይም መሃል ላይ ከቆለፈብህ፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሳያየው ጀሪካኑን እንኳ አታንሳ።