ለመሥሪያ ቤት የመሸጎጫ ፕሮክሲ ሰርቨር ዕቃ እንዴት ይመረጣል?

በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም ወይም በሞጣ ሃምሳ ያህል ኮምፒውተር ያለው መሥሪያ ቤት አንድ የኢንተርኔት መስመር ሲጋራ፣ ሰኞ ጠዋት ማሽኖቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተከፍተው የየራሳቸውን ማሻሻያ ማውረድ በሚጀምሩበት ሰዓት መስመሩ ይታነቃል። የመሸጎጫ ፕሮክሲ ሰርቨር አንድ ጊዜ የወረደውን ፋይል በዲስኩ ላይ አስቀምጦ፣ ሌላ ማሽን ያንኑ ሲጠይቅ ከውጭ ሳያመጣ ከራሱ ጓዳ ያቀርባል። ከዚህ በታች ያለው ስሌት ስኩዊድ በተባለው ነፃ ሶፍትዌር ላይ የተመሠረተ ነው።

ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት አንድ ነገር ለኃላፊው በግልጽ ሊነገረው ይገባል። ዛሬ አብዛኛው ድረ ገጽ የሚመጣው ተመስጥሮ ስለሆነ ፕሮክሲው ያሳልፈዋል እንጂ ውስጡን አይቶ ሊያስቀምጠው አይችልም። ምስጢሩን ለመፍታት በእያንዳንዱ ማሽን ላይ የመሥሪያ ቤቱን ዲጂታል ሰርተፊኬት (ማሽኑ ፕሮክሲውን እንዲያምን የሚያደርግ ፋይል) መጫን ያስፈልጋል፤ ይህ የሠራተኛውን የባንክና የኢሜይል ግንኙነት ጭምር ስለሚገልጥ እኔ አልመክረውም። የመሸጎጫው እውነተኛ ጥቅም ብዙውን ጊዜ ሳይመሰጠሩ በሚመጡት የዊንዶውስና የኡቡንቱ ማሻሻያዎች ላይ ነው፤ እነዚህ ደግሞ ትልልቅ ፋይሎች ናቸው።

የዲስኩን መጠን የሚወስነው ከሠራተኛው ብዛት ይልቅ የመስመሩ ፍጥነት ነው፤ መስመሩ ከሚያወርደው በላይ ወደ መሸጎጫው ሊገባ አይችልምና። መስመሩ በሰከንድ 10 ሜጋቢት ቢሆን 1.25 ሜጋባይት ማለት ነው፤ በቀን 8 ሰዓት ሞልቶ ቢሠራ 36 ጊጋባይት፣ በ5 የሥራ ቀን 180 ጊጋባይት ያወርዳል። ስለዚህ 200 ጊጋባይት የአንድ ሳምንት ፍሰት ይይዛል፤ ከወረደው ብዙው የማይቀመጥ በመሆኑም በተግባር ከዚያ በላይ ያቆያል። ዲስኩ እስከ አፉ እንዳይሞላ 256 ጊጋባይት የሆነውን መግዛት ይሻላል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት በራም (ማሽኑ ሲሠራ መረጃ በጊዜያዊነት በሚይዝበት ፈጣን ማህደረ ትውስታ) ላይ ነው። ስኩዊድ በዲስኩ ላይ ያሉትን ፋይሎች የሚያገኝበትን ማውጫ ምንጊዜም በራም ውስጥ ይይዛል፤ በ64 ቢት ማሽን ለእያንዳንዱ 1 ጊጋባይት የዲስክ መሸጎጫ 14 ሜጋባይት ያህል ራም ይታሰባል። ለ200 ጊጋባይት 2.8 ጊጋባይት ይሆናል፤ ቶሎ ቶሎ ለሚጠየቁ ፋይሎች 1 ጊጋባይት፣ ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ 2 ጊጋባይት ሲጨመርበት ወደ 6 ስለሚጠጋ 8 ጊጋባይት ራም ይበቃል። ባለ 2 ቴራባይት ዲስክ በርካሽ ተገኘ ተብሎ ሙሉው ለመሸጎጫ ቢሰጥ ግን ለማውጫው ብቻ 28 ጊጋባይት ራም ይጠይቃል፤ ራሙ ካነሰ ማሽኑ ማውጫውን ወደ ዲስክ መገልበጥ ይጀምርና ፕሮክሲው ከመኖሩ አለመኖሩ ይሻላል።

በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ አንድን መረጃ ለማግኘት በአማካይ ግማሽ ዙር፣ ማለትም 4 ሚሊሰከንድ ያህል መጠበቅ አለበት፤ የንባብ ክንዱ የሚንቀሳቀስበት ጊዜ ሲጨመርበት ደግሞ ይዘገያል። የተበታተኑ ብዙ ትንንሽ ፋይሎችን በአንድ ጊዜ ለሚያስተናግድ ሰርቨር ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል የሌለው ዲስክ) የሚመረጠው ለዚህ ነው። ኤስኤስዲ በመጻፍ ብዛት ስለሚያልቅ አምራቹ የሚሰጠውን የጽሕፈት ገደብ ማየት ያስፈልጋል፤ ከላይ ባለው መስመር በ250 የሥራ ቀን ቢበዛ 9 ቴራባይት ይጻፋል። ሬይድ 5 (አንድ ዲስክ ቢበላሽ መረጃው እንዳይጠፋ ብዙ ዲስኮችን የሚያጣምር አሠራር) አያስፈልግም፤ መጻፍን ያዘገያል፣ የጠፋ መሸጎጫም እንደገና ይሞላል። ሁለት ዲስክ ካለ ለእያንዳንዱ የራሱን የመሸጎጫ ፎልደር መስጠት ይበቃል።

ፕሮሰሰር ላይ ብዙ ማውጣት አይገባም፤ ስኩዊድ በተለመደው አሠራሩ በዋናነት አንድ ኮር (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ አንድ የማስሊያ ክፍል) ስለሚጠቀም ከኮሮቹ ብዛት ይልቅ የአንዱ ፍጥነት ይታይ። ባለ 1 ጊጋቢት ኔትወርክ ካርድና ተመሳሳይ ስዊች በቂ ናቸው።

በጎጃም ትልቁ ፈተና መብራት ነው። መብራት ድንገት ሲጠፋ ስኩዊድ መዝገቡን በአግባቡ ሳይዘጋ ስለሚቆም ተመልሶ ሲነሣ ማውጫውን እንደገና ለመገንባት ረጅም ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ዩፒኤሱ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየው መሣሪያ) በዩኤስቢ ከሰርቨሩ ጋር የሚነጋገርና ባትሪው ከማለቁ በፊት ሰርቨሩን በሥርዓት እንዲያጠፋ የሚያደርግ መሆን አለበት። ራውተሩና ስዊቹም በዚያው ዩፒኤስ ላይ ይሰኩ። በሐምሌና በነሐሴ መብረቅ ስለሚበዛ የሕንፃው የመሬት ሽቦ በትክክል መሥራቱን ከክረምቱ በፊት በኤሌክትሪክ ባለሙያ ማስፈተሽ ያስፈልጋል፤ ያለዚህ የመብረቅ መከላከያ ያለው የሶኬት ማከፋፈያ ብቻውን አያድንም። በበጋ ደግሞ አቧራው የማቀዝቀዣውን ፋን ስለሚደፍነው ሰርቨሩን ወለል ላይ ማስቀመጥ አይገባም።

በጀቱ ጠባብ ከሆነ መሥሪያ ቤቱ ያለውን ደህና ዴስክቶፕ ወስዶ ራምና ኤስኤስዲ መጨመር ተገቢ ውሳኔ ነው፤ የተረፈው ገንዘብ ለዩፒኤስና ለአንድ መለዋወጫ ዲስክ ይዋል፤ ዲስክ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ወይም ከዚያ በላይ ተጉዞ ዓባይን ተሻግሮ እስኪመጣ መሥሪያ ቤቱ ያለ ፕሮክሲ እንዳይቆይ። ማሽኑ ሥራ ሲጀምር የሚቀመጥ ፋይል ከፍተኛ መጠንን የሚወስነው ቅንብር መስተካከል አለበት፤ ስኩዊድ ሲጫን 4 ሜጋባይት ላይ ስለሚሆን፣ ካልተቀየረ ዲስኩ የተገዛላቸው ትልልቅ ማሻሻያዎች አይቀመጡም።