ጋላክሲ ስትለዩ አትኮርጁ

ጋላክሲ ዙ ማንም ሰው የጋላክሲ ምስል እያየ ቅርጹን የሚለይበት የኢንተርኔት የምርምር ፕሮጀክት ነው። እዚያ በጎ ፈቃደኛ ለመሆን ዲግሪ አይጠየቅም። ምስል ይመጣል፣ ጥያቄ ይከተላል። ድብልብል ያለ ነው ወይስ ዲስክ አለው? ከመሃሉ ተጠማዝዞ የሚወጣ ክንድ ይታያል? ስንት? ይኸው ነው። ሆኖም ጀማሪዎች ሲመጡ ያው ስህተት እየተደጋገመ አስቸገረኝ።

ኩረጃ! ምስሉን ስክሪንሾት አንስቶ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ "ይሄ ስፓይራል (ጥምዝ ክንድ ያለው) ነው አይደል?" ብሎ መለጠፍ። ሦስት ሰው "አዎ" ይላል፣ ጠያቂውም ሄዶ "አዎ" ይጫናል። ነገ ያው ምስል ለሦስቱ ሲደርስ እነሱም "አዎ"። ኧረ ወገኖቼ፣ ማትሪክ አይደለም! የመልስ ቁልፍ የሚባል ነገር የለም። አንድ ምስል ለብዙ ሰው የሚሰጠው እያንዳንዱ ለብቻው ምን እንዳየ ለማወቅ ነው። ከ40 ሰው ግማሹ ክንድ አየሁ፣ ግማሹ አላየሁም ካለ ምስሉ አሻሚ ነው ማለት ነው፤ ተመራማሪው ይህንንም ማወቅ ይፈልጋል። ተማክራችሁ ስትመልሱ ግን አራት ድምፅ መስሎ የሚገባው የአንድ ሰው ሐሳብ ነው።

"ብሳሳትስ?" ትሉኛላችሁ። ተሳሳቱ! ፕሮጀክቱ እ.ኤ.አ. በ2007 እንደተጀመረ በጎ ፈቃደኞቹ ሰዓት ከሚዞርበት በተቃራኒ የሚዞሩ ጋላክሲዎችን አብዝተው ቆጠሩ። እውነት ቢሆን ጉድ ነበር። ተመራማሪዎቹ ምስሎቹን መስታወት ላይ እንደሚታዩ ገልብጠው አቀረቡ። አሁንም ያው አቅጣጫ በለጠ። ሰማዩ ምንም አላጠፋም፣ ያዳላው የሰው ዓይን ነው። እንዲህ ያለ አድልዎ ይለካል፣ ይታረማል። ቴሌግራም ላይ የተመከረበትን መልስ ግን ማን ለይቶ ያርመዋል?

ክንድ ካልታያችሁ አልታየኝም በሉ። ጎበዝ ለመባል ክንድ አትፍጠሩ።

"አዲስ ነገር አገኘሁ!" ብሎ መጮህም አለ። ተደርድረው የሚታዩት ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ነጥቦች ብዙ ጊዜ አስትሮይድ (ፀሐይን የሚዞር ድንጋይ) ናቸው። ስሎን ሰርቬይ በተባለው የሰማይ ቅኝት ምስሎች ካሜራው ቀለሞቹን በየተራ ስለሚያነሳ፣ እስኪጨርስ አስትሮይዱ ትንሽ ፈቀቅ ይላል። መስቀል የመሰለ ጨረር ያለው ደግሞ የእኛው ጋላክሲ ኮከብ ነው፤ ጨረሩን የሚፈጥረው ቴሌስኮፑ ራሱ ነው። "ኮከብ ወይም የምስል እንከን" የሚለው ምርጫ የተቀመጠው ለዚህ ነው።

ይህን ስላችሁ ደግሞ እንግዳ ነገር አይታችሁ ዝም እንዳትሉ። ሃኒ ቫን አርከል የሆላንድ አስተማሪ ናት። በዚያው በ2007 አይሲ 2497 ከተባለ ጋላክሲ አጠገብ ሰማያዊ ጭጋግ የመሰለ ነገር አየችና ምንድነው ብላ ጠየቀች። የጋላክሲው መሃል ቀድሞ ኳሳር (እጅግ ደማቅ የጋላክሲ እምብርት) ሆኖ ሲነድ ያበራው ጋዝ ሆኖ ተገኘ። ኳሳሩ ዛሬ ደብዝዟል፣ የድሮው ብርሃኑ ግን ገና ጋዙ ላይ ይታያል። በስሟም ተጠራ። ስለዚህ ጠይቁ፤ መጀመሪያ ግን የራሳችሁን መልስ አስገቡ።

ሌላ ትንሽ ነገር። ታክሲ ውስጥ፣ ፀሐይ ስክሪኑ ላይ እያረፈች፣ ባትሪ ለመቆጠብ ብርሃኑን ቀንሳችሁ አትሥሩ። ደብዛዛ ክንድ እንዲህ አይታይም። ማታ ቤት ስትገቡ ብርሃኑን ከፍ አድርጋችሁ ክፈቱት።