ብሮውዘር ገጻችሁን ሲነካካ ምን ታደርጋላችሁ?

ገጻችሁ አንባቢው ስልክ ላይ ሲደርስ ብሮውዘሩ እጁን ያስገባበታል፦ ጽሑፉን ይተረጉማል፣ ቁጥሩን መደወያ ሊንክ ያደርጋል፣ ቀለሙን ይገለብጣል። ፈቃድ አይጠይቅም፤ እንቢ የማለቱ ሥራ የባለቤቱ ነው። ልማዱ የቆየ ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2001 በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 6 የሙከራ ቅጂ ላይ፣ በሰው ገጽ ውስጥ የራሱን ሊንክ የሚሰካ «ስማርት ታግስ» አስገብቶ ተቃውሞ ሲበረታ ሰርዞታል።

የኮዱን ቃላት እዚህ በአነባበባቸው አስቀምጠናል፤ ፋይሉ ላይ በላቲን ፊደል ይጻፉ።

ብዙ ጣጣ የሚያመጣው ትርጉም ነው። በእንግሊዝኛ የተጫነ ዎርድፕረስ (የድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌር) የገጹን «ላንግ»፣ ማለትም ቋንቋውን የሚናገረውን የኮድ ቃል፣ «ኢኤን-ዩኤስ» ብሎ ስለሚተወው፣ በአማርኛ የተሞላው ገጽ ለብሮውዘሩ እንግሊዝኛ ነኝ ይላል። ሴቲንግስ፣ ጀነራል፣ ሳይት ላንጉጅ ገብታችሁ አማርኛን ምረጡ። ዳሽቦርዱ አብሮ እንዳይቀየርባችሁ ፕሮፋይላችሁ ላይ የራሳችሁን ቋንቋ ለብቻው አስተካክሉ።

ቀጥሎ መተርጎም የሌለበትን ለዩ፦ የሰው ስም፣ አድራሻ፣ የምርት መለያ። እነዚህን የያዘው ኤለመንት (የገጹ ኮድ ክፍል) ላይ «ትራንስሌት» የሚለውን «ኖ» አድርጉ። አለዚያ አቶ ተስፋዬ በእንግሊዝኛው «የእኔ ተስፋ» ሆነው ሊገኙ ይችላሉ። ክሮም ገጹን በሙሉ እንዳይተረጉም የሚከለክል ሜታም (በገጹ ኮድ ራስጌ የሚገባ መስመር) አለ፤ ስሙ «ጉግል»፣ ይዘቱ «ኖትራንስሌት»። እኛ አንመክረውም፤ አሜሪካ ተወልዶ ፊደል ያልቆጠረ አንባቢ ያላችሁን የሚያነበው በዚያው ትርጉም ነው።

በሪአክት (የጃቫስክሪፕት ገጽ መሥሪያ) የተሠራ ገጽ ደግሞ ሲተረጎም ድንገት ነጭ ሊሆን ይችላል። ክሮም ጽሑፉን አንሥቶ በ«ፎንት» ኤለመንት ይተካዋል፤ ሪአክት በኋላ የራሱን ጽሑፍ ሊያነሣ ሲል ከቦታው ያጣውና «ኖትፋውንድኤረር» ብሎ ይቆማል። እንደ ሁኔታው የሚመጣና የሚጠፋ ጽሑፍን ራቁቱን አትተዉት፤ በ«ስፓን» ክበቡት።

አይፎን ላይ ሳፋሪ የባንክ ሒሳብ ቁጥርን ስልክ ሊያስመስለው ይችላል። «ፎርማት-ዲቴክሽን» የሚል ሜታ ጨምሩ፣ ይዘቱም «ቴሌፎን=ኖ» ይሁን። እውነተኛውን ስልክ በ«ቴል» ሊንክ ራሳችሁ አስገቡት፤ መጀመሪያ ያለውን 0 ትታችሁ በ+251 ጀምሩ።

አንድሮይድ ላይ ክሮም ገጹን በራሱ እንዳያጨልም በሲኤስኤሱ (የገጹን መልክ በሚወስነው ኮድ) «ሩት» ላይ «ከለር-ስኪም» ለሚለው «ኦንሊ ላይት» ስጡ። ሎጎው ዳራ የሌለው ፒኤንጂ ሆኖ ጽሑፉ ጥቁር ከሆነ ግን ነጭ ዳራ አድርጉለት፤ የሁሉም ስልክ ብሮውዘር ትእዛዛችሁን አይሰማም።

ሰርቨራችሁ ከገጹ ጋር በሚልከው «ካሽ-ኮንትሮል» የሚባል መመሪያ ላይ የሚጻፈው «ኖ-ትራንስፎርም» ብሮውዘሩን አያግድም፤ የሚመለከተው በእናንተና በአንባቢው መሐል ያሉትን ሰርቨሮች ነው። ኤችቲቲፒኤስ (የተመሰጠረ ግንኙነት) ካላችሁ፣ ራሳችሁ ካስገባችኋቸው በቀር እነዚያ ይዘቱን መንካት አይችሉም። ኦፔራ ሚኒ በከፍተኛ ቁጠባ ሲሠራ ግን ገጹን የሚከፍተውም የሚጨምቀውም የኦፔራ ሰርቨር ስለሆነ፣ ያለ ጃቫስክሪፕት የማይከፈት ሜኑ ካላችሁ መጀመሪያ እዚያ ላይ ሞክሩት።