ስኩዊድ ትልልቅ ፋይሎችን እንዲያስቀምጥ ለማድረግ
በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ስኩዊድን (ኮምፒውተሮች ከኢንተርኔት የሚያወርዱትን አስቀምጦ ለሌሎቹ መልሶ የሚያቀብል ፕሮግራም) ጭናችሁ የትምህርት ቤቱ ኢንተርኔት እምብዛም ካልቀለለ፣ አንዱ ምክንያት ፕሮግራሙ በነባሪ ቅንብሩ ከ4 ሜጋባይት በላይ የሆነ ፋይል ዲስክ ላይ የማያስቀምጥ በመሆኑ እያንዳንዱ ኮምፒውተር ያንኑ የሶፍትዌር ጥቅል እንደገና ከውጭ ማውረዱ ነው። በቅንብር ፋይሉ ውስጥ «ማክሲመም ኦብጀክት ሳይዝ» (maximum_object_size) የሚለውን ወደ 512 ሜጋባይት ከፍ አድርጉ፤ መስመሩ ግን የዲስክ ማከማቻውን ከሚወስነው «ካሽ ዲር» (cache_dir) መስመር በላይ መጻፍ አለበት፣ አለዚያ ማከማቻው በቀድሞው ገደብ ሊቀጥል ይችላል። («ካሽ ዲር» ራሱ ብዙ ጊዜ ፊቱ ላይ መስመሩን ከሥራ ውጭ የሚያደርግ የ# ምልክት ተደርጎበት ስለሚመጣ ምልክቱን አንሱ።) ለእያንዳንዱ ጊጋባይት ማከማቻ 14 ሜጋባይት ያህል ራም ስለሚያስፈልግ ዲስኩን በሙሉ አትስጡት። በኤችቲቲፒኤስ የሚመጣው ይዘት የተመሰጠረ በመሆኑ በዚህ መንገድ አይቀመጥም፤ ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው እንደ ኡቡንቱ (የሊኑክስ ስርዓተ ክወና) ጥቅሎች በኤችቲቲፒ በሚወርዱት ላይ ነው።